የትኛው ሶሪ?

እንደምን ዋልሽ አራባ? አትነሽልኝ፣ ክሩ እንዳይበጠስብሽ። የዛሬው ሙቀት ከባሕሩ ይሁን ከሰማዩ አልታወቀም። ጀልባዎቹ ገብተዋል መሰለኝ፣ ስመጣ ሴቱ ሁሉ ትሪውን ይዞ ወደ ዳርቻው ይሮጣል። ሰርዲኑ ዘንድሮ እንዴት ሰብቷል… ተመስገን ነው። እኔ የመጣሁት ለዚህች ሸሚዝ ነው። ብብቷ ያዘኝ። አንቺ አላጠበብሽውም፣ ጥፋቱ የኬንኬው ነው። የበቆሎ ሊጥ ጠዋት በዓሣ፣ ማታ በዓሣ ሲባል ሰው ከሸሚዙ ይወጣል። ትንሽ ልቀቂልኝ።

ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ እንዴ? አላየሁዎትም እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ኧረ አይነሱ፣ ይቀመጡ። የእርስዎ ይቅደም። እሑድ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ሆነው የሚሾሙ ሰው ቀሚስማ መቅደም አለበት። የአንቺ ትንሽ ናት፣ ትቅደም አሉኝ? እሺ፣ ከአራባ ጋር የሆነ ያልሆነውን እያወራሁ ቶሎ አስጨርሳለሁ።

ምነው፣ ጣትሽን መርፌ ወጋው? ሶሪ።

ይኸው፣ ሳላስበው አፌ ላይ መጣች። የወጋሽ መርፌው፣ ሶሪ ባይዋ እኔ። አንቺ አቢጃን ተወልደሽ በፈረንሳይኛ ያደግሽ ስለሆንሽ ግራ ሳይገባሽ አይቀርም። እኛ ጋ ይህች የእንግሊዝ ቃል ሥራዋ ብዙ ነው። ሰው ሲደናቀፍ ሶሪ ነው፣ «እኔን» እንደማለት። ሲያስለው ሶሪ። ዝናብ ሲመታው ሶሪ፣ ዝናቡን እኛ የላክነው ይመስል። ሰው ሲሞትበትም ያችው ናት። ያልሰማሽውን ድገሙልኝ ስትዪም፣ በሰው መሀል ልለፍ ስትዪም ሶሪ ነው። ከዚያ ደግሞ… በድለሽ ይቅርታ የምትጠይቂውም በዚያችው ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ በፋንቲማ እንደምታውቂው ለየቅል ነው። የበደልሽውን ሰው «ባርኔጣዬን አወልቅልሃለሁ» ነው የምትዪው። ባርኔጣ ባይኖርሽም ያው ራስሽ መገለጡ አይቀርም። ለዚህ ይመስለኛል የተማረ ሰው እንግሊዝኛውን የሚመርጠው። ሶሪ ሰፊ ቀሚስ ነው፣ ውስጡ ያለውን ማን ያየዋል?

ይህን ያስተማሩኝ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። ስማቸው ምን ያደርግልሻል… ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸው ከእጃቸው አልፎ ሰው ላይ ይፈሳል። እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቀው የፈሰሰበት ሰው ብቻ ነው።

የእናቴ እህት ማሜ ባዱዋ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፣ ኩዋሚና የሚባል። የእናቴ እህት እናቴ ናትና እሱም ወንድሜ ነው። ኩዋሚና የቤተ ክርስቲያኑን የጥሩንባ ጓድ የሚመራ ሰው ነበር። ቀብሩም፣ ፋሲካውም፣ ሠርጉም ያለ እሱ አይሆንም ነበር። ጥሩንባዎቹን በሎሚ ልጣጭ እየወለወለ ፊቱን ያይባቸው ነበር። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ እሱ ጋ ነው። ሌላም ቁልፍ ነበር፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤት ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ… እሱን እንኳ ያን ጊዜ ማንም አላስታወሰም። የሽማግሌው ሚስት፣ የማወራሽ ሴት፣ እሳቸውም አላስታወሱም። በቤት ውስጥ ያለ ቁልፍ ይረሳል አይደል?

አንድ ሰኞ ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ጥሩንባዎቹ የሉም። ሰው ተሰበሰበ። እኚያ ሴት ዝም ማለት ይችሉ ነበር፣ ግን ዝምታ ለደግ ሰው ይከብደዋል። «እኔ ማንንም አልከስስም» አሉ። «ብቻ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ኩዋሚና ጆንያ ተሸክሞ ወደ መኪናው መነሻ ሲሄድ አይቻለሁ» አሉ። ደግሞ አይተዋል፣ ውሸት አልተናገሩም። ጆንያው ውስጥ የነበረው ማሜ ባዱዋ ታኮራዲ ላለች እህቷ የላከችው በጭስ የደረቀ ዓሣ ነው። ሽታው መንደሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። እንዲህ የጠራ ዓይን የሰጣቸው አምላክ ያን ቀን አፍንጫቸውን ጉንፋን አስያዘባቸው መሰለኝ።

ፖሊስ አልተጠራም። ስማችን እንዳይጎድፍ ተብሎ በጓሮ አለቀ። ቁልፉን ተቀበሉት። «እናቴ ትሙት፣ ዓሣ ነው» ቢል፣ «እናትህንማ አትጥራ፣ አታሳፍራት» አሉት። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲያልፍ ልጆች በአፋቸው ጥሩንባ ይነፉበት ጀመር። ፓ… ፓ… ፓ። ሌላውን ሁሉ ቢችል ይህን አልቻለም። ልብሱን ጠቅልሎ ታኮራዲ ገባ፣ ጎማ ቤት ተቀጠረ።

ማሜ ባዱዋ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። የሌባ እናት ብሎ የሰደባት የለም፣ እኛ ጨዋ ሰዎች ነን። ትሪዋ ብቻ ጠዋት ሞልቶ ይወጣል፣ ማታ ሞልቶ ይመለሳል። እኚያ ሴት ግን አልረሷትም። በየበዓሉ ሩዝ ይልኩላት ነበር፣ ያውም በቀትር፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ልጅ አስይዘው። «እኔ ቂም አላውቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቂም የሚይዘውማ የተበደለው ነው።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? እትዬን እንዳልረብሽ ነው… ማራገቢያቸውን አፈጠኑት። ሙቀቱ ነው። መስኮቱን ክፈችላቸው።

እና እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ጠራ። በዓሣ በዓሉ የማዶ መንደር ጓድ ሊያጫውተን መጣ። ከመሀላቸው ትልቁ ጥሩንባ ከንፈሩ ላይ ተቆልምሟል። ያንን ቁልምም የማያውቅ በከተማችን የለም፣ በፋሲካ ከጭነት መኪና ላይ ሲወድቅ ሁላችንም ቆመን አይተነዋል። ጭፈራው ቀዘቀዘ። አንድ ሽማግሌ «ይህን ከየት አመጣችሁት ልጆቼ?» ቢላቸው፣ ነፊው ያለምንም ክፋት አገጩን ቀና አድርጎ «ከእሱ ገዛነው» አለ። እሱ የተባለው እዚያው ከፊታቸው እየጨፈረ ነበር። የእኚያ ሴት ታናሽ ወንድም፣ እቤታቸው የሚኖረው። ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ያሉ አባቶች ምነው ተነስተው ባዩ፣ ጥሩንባ ይዞ እንደሚሆን።

ታዲያ ምን ሆነ መሰለሽ? ነገሩ ሲጠራ ስም የሚጠራ ጠፋ። ወንድምየው በሳምንቱ ለሥራ ነው ተብሎ አክራ ሄደ። እሳቸው «ሰይጣን አሳስቶት ነው» አሉ። በኩዋሚና ጊዜ ሰይጣን አላስፈለገም ነበር፣ ጆንያው በቂ ነበር። ታኮራዲ ድረስ ሰው ልኮ «ልጃችን፣ ተሳስተናል፣ ና» ያለው የለም። እኔ ሄጄ ነገርኩት። ጎማውን እያገላበጠ ሰማኝና «ሲጠሩኝ እመጣለሁ» አለ። ማሜ ባዱዋም «ሳይጠሩህ እንዳትመጣ፣ አንገትህን ደፍተህ ስትገባ አላይም» ብላዋለች። ኩሩ ሴት ነበረች። እግሯ አብጦ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ከታኮራዲ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሲቆም ቀና ትላለች፣ ሲነሳ ትመለሳለች። እንዲህ እንዳለች ሞተች።

ያኔ መጣ፣ እናትን ለመቅበር ጥሪ አይጠበቅም።

የቀብሩ ዕለት ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሰው ጥቁርና ቀይ ለብሷል። ኩዋሚና ከፊት ተቀምጦ፣ እኔ ከጎኑ። ሰው ከቀኝ ጀምሮ እጅ እየጨበጠ ያልፋል። እኚያ ሴት መጡ። አለባበሳቸውን ብታዪ… ከሟች ቤተሰብ የበለጠ ያዘኑት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው አንድ እጅ ሰጥቶ ሲያልፍ እሳቸው ሁለቱንም ሰጡት። እጁን ያዙና በዚያ በጠራ ድምፃቸው፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ እንዲሰማ፣ «ሶሪ፣ ኩዋሚና። ሶሪ» አሉት።

አራባ፣ ስንት ዘመን የጠበቃት ቃል ናት። ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ እሱ… በዳዩ ይመስል። «እትዬ» አለ። «እትዬ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ። እናቴ ፊት ይቅር ብዬዎታለሁ።» ሴቶች አለቀሱ። «ተባረክ» ያለውም ብዙ ነው። ቄሱ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እሳቸው ምን ያደረጉ ይመስልሻል? እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ። ፈገግ አሉ። «ምኑን ነው ይቅር ያልከኝ ልጄ? እኔ ሶሪ ያልኩህ ስለ እናትህ ነው እኮ» አሉት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «አይፈረድበትም፣ ሐዘን ሰውን ያምታታል» አሉ። እሱ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ መንገዱ ላይ ቆሟል። ትከሻውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ሶሪ» አሉት ለሦስተኛ ጊዜ፣ እንዲያሳልፋቸው። አሳለፋቸው።

እስኪ አንቺ ፍረጂ። ከአንዲት ቃል እንዲህ ብዙ ነገር የሚያወጣ ባለሙያ አይተሽ ታውቂያለሽ? የሐዘን እንበለው፣ የመንገድ እንበለው… ለአንዱ ብቻ ሳይበቃ ቀረ።

እናቱን ቀበረ። በማግስቱ ቄሱ ቤት ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሁሉም አልፏል፣ ወደ ጓድህ ተመለስ፣ አንተም ይቅር ብለሃል» አሉት። ሰሃን እያጠበ ነበር። እጁን አደራረቀና፣ «አባ፣ ይቅር የምለው ነገር እንደሌለ በሰው ፊት ተነግሮኛል» አላቸው። «እንግዲያው ይቅር አላልኩም። ቃሌን ከመሬት አንስቼዋለሁ፣ ይዤው እሄዳለሁ።» አልተቆጣም፣ ድምፁንም አልጨመረም። እሱ የእናቱን ቤት ቁልፍ እኔ እጅ ላይ አድርጎ ሄደ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ነገር እኮራለሁ፣ ያን ቀን ከሁላችን መሀል ቀና ብሎ የሄደ እሱ ብቻ ነው።

አሁንማ ታኮራዲ የራሱ ጓድ አለው። ከጎማ ቤቱ ልጆች ነው የጀመረው። ዛሬ እስከ ኬፕ ኮስት ድረስ ትልቅ ቀብር፣ ትልቅ ሹመት ካለ የሚጠራው እሱ ነው። ያለ እሱ ጥሩንባ የተደረገ ድግስ ድግስ አይባልም አሉ። እና በቅርቡ አንዲት ሴት… እኔ ያወራሁሽ ይሁኑ ሌላ፣ ምን አውቃለሁ… ለሹመታቸው ጓዱን ፈለጉት። ሾፌራቸውን ላኩ። «ስለ ድሮው አታንሳ፣ በክብር ጋብዘው» አሉት። ሾፌሩ ሄደ። ኩዋሚና ወንበር ሰጠው፣ ውሃ ሰጠው፣ ምሳ አበላው፣ የአገር ሰው ሁሉ ደህና መሆኑን በየስሙ ጠየቀው። ግብዣውን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ መኪናው ድረስ ሸኝቶት፣ በሩን ዘግቶለት፣ «ሶሪ በላቸው» አለው።

በቃ። ሌላ ቃል የለም። ሾፌሩ ተመልሶ ይህንኑ ተናገረ። ሴትየዋ ሦስት ጊዜ አስደገሙት አሉ። «አልመጣም ማለቱ ነው? ወይስ አልሰማሁም ማለቱ? ወይስ አዘነልኝ? ፊቱ እንዴት ነበር?» ሾፌሩ «ፊቱማ ደስ ይል ነበር» አላቸው። እስካሁን ያጣሩት መሰለሽ? ሰው ሁሉ እየጠየቁ ነው። እኔንም ቢጠይቁኝ በነገርኳቸው፣ ግን ማን ይጠይቀኛል… እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ እንግሊዝኛ ከየት አውቄ።

ኧረ ጨረስሽ? በቅታለች፣ በቅታለች። ሰፋ ስትል አተነፋፈሴም ተስተካከለ። እትዬ፣ አስጠበቅኩዎት፣ ይግቡና ይለኩ። አንገትዎ ላይ እንዳታጠብቅብዎት ይንገሯት፣ እሑድ ብዙ ሰው ይስምዎታል።

እኔ ልሂድ። ግን አራባ፣ ሰው አምቶ ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው፣ እኚያን ደግ ሴት ሳልመርቃቸው አልወጣም። ዕድሜያቸውን ያርዝምላቸው። ጤናቸውን አያጉድልባቸው፣ ዓይናቸው እንደጠራ፣ ልባቸው አንድ ነገር ሳይረሳ እስከ ሽበት ይኑሩ። ልጆቻቸው የሰው መውደድ ይኑራቸው፣ እሳቸው ለሰው ልጅ የነበራቸውን ያህል መውደድ። የዘሩትንም ፈጣሪ አብዝቶ ያብቅልላቸው፣ ከዚያም እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ይጨዱት። አንዲት ዘለላ እንኳ ሌላ ሰው አይውሰድባቸው።

አሜን በዪ እንጂ። እትዬ፣ እርስዎም ይበሉ፣ ምርቃት ነው።