ግማሹ የማይመለስ ስጦታ

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ እኔና አባባ ሙኔሂሳ አንድ የአውቶቡስ መጠበቂያ ጣሪያ ሥር ባልተገናኘን ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት ዓመት፣ በሰኔ፣ እዚሁ በጃፓኗ ካናዛዋ ከተማ ነው። ሽማግሌው ጭምብላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ትልቅ ሻንጣ ይዘዋል። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ኮቶኖ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ኮቶኖ ከኔ ክፍል በላይ ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። ማታ ማታ የምታስተናግድበት መጠጥ ቤት ከተዘጋ ወዲህ ኪራይ የምትከፍልበት አጥታለች።

«ወዴት ነው ጉዞው፣ አባባ?» አልኩ።

«ወደ አገር ቤት ነዋ! ትምህርቱ በቃት፤ ከአጎቷ ጋር አትክልት ትሸጣለች።»

«ምነው? መንግሥት ሥራ ለተቋረጠባቸው ተማሪዎች አስቸኳይ ድጎማ ይሰጥ የለም እንዴ? ማመልከቻው እኮ እስከ ነገ ነው።»

ኮቶኖ ቀና አለች። «ሞልቼው ነበር። አያቴ አይሆንም አሉኝ።»

«አዎ፣ ብያለሁ!» አሉ ሽማግሌው። «በኛ ቤት ስጦታ የተቀበለ ሰው የግማሹን ያህል ዕቃ ገዝቶ ይመልሳል። የሠርጉንም መልሰናል፣ የቀብሩንም መልሰናል። ይህንን ለማን ልመልስ? ለሚኒስትሩ ሻይ ቅጠል ልላክለት?»

«ሚኒስትሩ ሻይ አላጣም።»

«አትቀልጂ! መልስ የሌለው ስጦታ ልመና ነው። ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጎረቤት ምን ይላል» የሚሉት ነገር በአገራችን ስንቱን ጾሙን እንዳሳደረ አውቃለሁ። ጎረቤት ግን የሰው ኪራይ ሲከፍል አይቼ አላውቅም።

«እስቲ ልጠይቅዎት» አልኩ። «አንድ ጊዜ አገርዎ ወንዙ ሲሞላ ምንጣፍ የሚሠሩበት ቤት በጭቃ ተውጦ ነበር አሉ።»

«እስከ መስኮቱ!»

«ሰው ደርሶልዎት ነበር?»

«እንዴታ! ገንዘብ በፖስታ አሽጎ ያልሰጠኝ ዘመድ አልነበረም።»

«ታዲያ ግማሹን መለሱ?»

«ምን ዓይነቷ ጅል ነሽ! ለአደጋ የተሰጠ ይመለሳል እንዴ? ጭቃ ውስጥ ለቆመ ሰው የሚሰጡት መልሶ ዕቃ እንዲገዛላቸው ነው? መመለሱ ነው ነውሩ! አመስግነሽ ቤትሽን ትጠግኛለሽ፣ አለቀ። ይህን ሕፃን እንኳ...»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። ኮቶኖ በጭምብሏ ውስጥ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ይኼኛውም አደጋ ነው፣ አባባ። የእርስዎ ቤት ውኃ ገባበት፣ የእሷን እንጀራ በሽታ ዘጋው።»

በዚህ ይረታሉ ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። «ለኔ የሰጡኝ ዘመዶቼ ናቸው» አሉ። «መንግሥት ዘመዴ ነው?»

«ከሸጡት ምንጣፍ ሁሉ ዕድሜ ልክዎን ግብር ከፍለዋል። ሌላው ሲቸገር የደረሰለት ከእርስዎም ኪስ ነው። ዛሬ ተራው የልጅዎ ልጅ ሆነ።»

«ከሷ የባሰ ችግረኛ አለ።»

«አለ። እሷ አትክልት ብትሸጥ እሱ ይጠግባል? ዩኒቨርሲቲው የሁሉንም አጣርቶ ነው የሚሰጠው።»

ያን ጊዜ ኮቶኖ ተናገረች፤ ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «አያቴ፣ የሆስፒታል ምግብ ባለሙያ ልሆን አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። ዛሬ ከሄድኩ አልመለስም። እርስዎም ያውቁታል።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ሾፌሩን አዩት፣ ልጅቱን አዩዋት፣ ከዚያም ሂድ ብለው በእጃቸው አሰናበቱት። «ስልክሽን አውጪና ላኪው» አሏት። «ምስጋናም ጨምሪበት! የኛ ቤት ልጅ ባለጌ ናት እንዳይሉ።»

ድጎማው በሚቀጥለው ወር ገባ። ሀብታም አላደረጋትም፤ ኪራይዋን ከፈለች፣ ሩዝ ገዛች፣ በስክሪን የሚሰጠውንም ትምህርት ሳትራብ ተከታተለች። በጊዜው የደረሰ ጥቂት ገንዘብ የዓመታት ድካም ከመባከን ያድናል፤ አገሩም የደከመበትን ባለሙያ አያጣም። ኩራት መልካም ነው፣ እኔም አላጣሁትም። የልጅን ትምህርት የሚበላ ኩራት ግን ከጎርፍ አይሻልም።

በመጸው ኮቶኖን ተከትዬ ወደ አገራቸው ሄድኩ። አባባ ሙኔሂሳ ፀጉር ቤት ተቀምጠው በፀጉር አስተካካዩ ላይ ይጮኻሉ። የሱም ሴት ልጅ ትምህርቷን ልታቋርጥ ነው። «ለአደጋ የተሰጠ አይመለስም!» ይላሉ። «ግብር ስትከፍል አልኖርክም? ይህን እንኳ ሳታውቅ ነው ልጅ የወለድከው?»

ክርክሩን ከማን እንዳገኙት አልተናገሩም። እኔም ምላሴን ያዝኩ፤ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣ የአዲሱን ዙር ድጎማ ማመልከቻ መሙላት ጀምራ ነበርና።