በቦርሳ ያለ ፈቃድ

ከመርሳ ወደ ወልዲያ በሚኒባስ ስንጓዝ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት «ነፋስ ይመታኛል» ብለው መስኮቱን አስዘጉኝ። ከጎናቸው አንዲት ወጣት በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ታቅፋለች።

«ልጄ፣ ምን ይዘሽ ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«ጥንቸሎች ናቸው አባቴ፤ ለመድኃኒት ምርምር።»

«ከዚያስ?»

«ሙከራው ሲያልቅ ይሠዋሉ።»

«አጃኢብ! ቢስሚላህ የሚልላቸው ማን ነው?»

«ኮሚቴ አለ። እንዳይሠቃዩ አጣርቶ ነው የሚፈቅደው። ይኸው፣ ፈቃዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ማሻአላህ! ካርቶኑንስ እንዲህ ጥርቅም አድርጎ ያሸገው ኮሚቴው ነው?»

«እኔ ነኝ፤ እንዳያመልጡ ብዬ።»

«እንግዲያው ፈቃዱን አውጪና አንብቢላቸው፤ ይተንፍሱበት።»

ልጅቷ ፕላስተሩን በጥፍሯ መላጥ ስትጀምር፣ እኔም አዛውንቱን ሳላስፈቅድ መስኮቱን ከፈትሁ።