ዝም ያለው ደወል
ላንቻ ላለ አንድ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ራሱ የሚደውል ደወል ሠራሁ። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ እንዳይዛባ ትንሽዬ ባትሪ ገጥሜበታለሁ። ርእሰ መምህሯን «መብራት ሺህ ጊዜ ቢሄድ አይሳሳትም» ብያቸዋለሁ፤ በቃ፣ አፌን ሞልቼ! በፈተናው ቀን መብራት ሄዶ መጣ። የማብቂያው ሰዓት ደረሰ፤ ደወሉ ጭጭ። ልጆቹ ይጽፋሉ፤ ርእሰ መምህሯ አንዴ የእጅ ሰዓታቸውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ሮጬ የደወሉን ሳጥን ብከፍተው ባትሪው የለም!

«ማነው የነካው?» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ጋሽ ወልዴ ፈገግ ብለው መጡ። «መብራት ሲሄድ እንደ ፍሪጅ ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ ሲመጣ እንዳይቃጠልብህ ባትሪውንም አወጣሁልህ» አሉና በሶፍት የጠቀለሉትን ባትሪ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ርእሰ መምህሯ እኔን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «ጋሼ፣ በሉ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የድሮውን የቸርኬ ደወል ይምቱልን» አሏቸው።