ዳገቱ ላይ የቆመችው መኪና

ወንድሜን ከሮብ ገበያ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስንወስደው፣ አሮጌዋ መኪናው ዳገቱ ላይ ጉልበት ከዳት። የሚነዳት የወንድሜ ልጅ ነዳጅ ሲሰጣት ታጓራለች እንጂ ወደፊት አትልም። ወንድሜ ከኋላ በሚስቱ ጭን ላይ ተኝቶ ያቃስታል። እኔ ደግሞ ከስንት ዘመን በኋላ ለተመለስሁበት አገር የቀረኝ እርግማን ብቻ ነው፤ «ዛሬም ነዳጅ በውኃ እየቀላቀሉ ይሸጣሉ! ሌባ ሁሉ!»

ልጁ የናፍጣውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቶ ገለበጠው። ጥርት ያለ ውኃ ወረደ። «እውነትዎን ነው አክስቴ፤ ውኃ ገብቶባታል» አለኝ።

የወንድሜ ሚስት አንገቷን ደፋች። «ነጋዴውን አይርገሙት እትዬ። ጠዋት ነዳጇ ላይ ጠበል የጨመርሁባት እኔ ነኝ፤ በሰላም ታድርሰው ብዬ።»

ልጁ ውኃውን እያንጠፈጠፈ ሲያስነሣት፣ ጥቂት ሄዳ እንደገና ስትቆም ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሆስፒታል ስንደርስ የወንድሜ ትንፋሽ ቆሟል።

ከቀብር በኋላ፣ «እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልሁት?» አለችኝ። እጇን ይዤ፣ «ኧረ በጭራሽ፤ ቀኑ ደርሶ ነው» አልኋት። እኔ «ቀኑ ደርሶ ነው» በሚሉት ነገር አምኜ አላውቅም። ሐኪሙም «ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ» ያለው ለእኔ ብቻ ነው።