ማለዳ ማለዳ የምትገፋው መኪና

መሳለሚያ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ፣ አንዲት ያረጀች ነጭ መኪና ውስጥ ጋሼ ውብሸት ብቻቸውን ተቀምጠው ገፊ ይጠብቁ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ብርድ ሲመታው ያደረ ሞተር ያለ ገፊ አይነሳላቸውም። በሽር የሚባል ኩሊና ጓደኞቹ በየጠዋቱ እየመጡ፣ "አባባ፣ ዛሬም አኮረፈች?" እያሉ እየሳቁ ይገፉላቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንዴት አደሩ ብሎ መልሱን ቆሞ የሚሰማቸው ሰው ቢኖር እነዚሁ ነበሩ።

በዚያ ጠዋት ግን በርበሬ በረንዳ ገበያ ጭነት ገብቶ ስለነበር ከገፊዎቹ አንድም ብቅ አላለም። ታክሲ ፍለጋ በዚያ ስታልፍ ያገኘቻቸው ሩሀማ ናት፤ የጎረቤታቸው የእትዬ ሠርኬ ልጅ፣ የመኪና ጥገና ተምራ እሱኑ የምታስተምር። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና ኮፈኑን እንዲከፍቱላት ለመነች።

ይህ ቆረቆራቸው። ዕድሜያቸውን የድሮ መኪና ካርቡራተር ሲጠግኑ የጨረሱ መካኒክ ናቸው። ኢሕአዴግ ገብቶ ከተማው ቤንዚን በኖዝል በሚረጭ የኢንጀክሽን መኪና ሲሞላ፣ ትናንት ቁልፍ ሲያቀብሏቸው የነበሩ ልጆች የትምህርት ወረቀት ይዘው መጡና ጥግ አስቀመጧቸው፤ ባለጋራዡም አሰናበታቸው። ሰው እንዲህ ነው፤ እጅህን ሲፈልግ ጋሼ ይልሃል፣ ሥራው ካለቀ በኋላ መንገድ ላይ ቢያገኝህ ፊቱን ያዞራል። ጋሼ ውብሸት ይህን አልረሱም።

"ባትሪው ነው፤ ብርድ አይወድም" አሉ ሳይወዱ እየከፈቱ።

ሩሀማ ቁልፉን አንዴ እንዲያዞሩት ጠየቀች። ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ በደንብ ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም።

"ማታ ሞቃ እያለች ሲያጠፏትስ፣ መልሳ ትነሳለች?"

"በአንድ ቁልፍ።"

"እንግዲያው ባትሪውም፣ የቤንዚን ፖምፓውም፣ እሳት ሰጪው ካንዴላውም ደህና ነው ጋሼ። ዕቃ ከመቀየር በፊት ይህን መጠየቅ ነው። በብርድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው ምንድን ነው? በእርስዎ ካርቡራተር ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት አየሩን ዘግታችሁ ቤንዚኑን ታበዙለት አልነበር?"

"ያንን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?"

"እርስዎ የሚያውቁትን ነው የምነግርዎ። እዚህች ላይ ያንን ሥራ የሚሠራው አምስተኛው ኖዝል ነው።" ሽቦውን በጣቷ ተከተለችው፤ መሐል ላይ ተቆርጦ በሚጣበቅ ናስትሮ ተጠቅልሏል።

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አሉ ኮራ ብለው። "ፒስተኑ አራት፣ ኖዝሉ አምስት። ትርፉ ቤንዚን እንዳይጠጣብኝ ብዬ።"

አልሳቀችም። ኖዝሉ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ረጭቶ እንደሚዘጋ፣ የቆጠቡት ጠብታ መሆኑን፣ በዚያች ጠብታ ፈንታ ባትሪያቸውና ሞተሪኖው ማለዳ ማለዳ እንደሚደክሙ በትሕትና አስረዳቻቸው። ሽቦው ይቀጠል ስትል ግን ጋሼ ውብሸት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ።

"ተይው" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ወደ መንገዱ እያዩ፣ "ከተነሳች ማን ይመጣል?"

ሩሀማ ነገሩ የገባት አሁን ነው። "በሽር ለመግፋት ብቻ ነው የሚመጣው?"

"ሌላ ምን ሊያደርግ? ከጋራዡ ስወጣ ማን መጣ?"

"ዛሬ ሳትነሳም እኮ አልመጣም ጋሼ። ይቅር ይበሉኝና፣ በቆመች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሲጠብቁት፣ እርስዎም ለበሽር አንድ ጭነት ነዎት። ጭነት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አለው። የምትነሳ መኪና ግን እርስዎን ወደ እሱ ትወስዳለች።"

ንግግሩ አመማቸው። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ከዚያ ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡ፤ ናስትሮውን ልጠው ሽቦውን በገዛ እጃቸው ቀጠሉት። ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሳ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሥራውን ያላወቅነውን ሁሉ ትርፍ ነው ብለን ከመቁረጣችን በፊት እንጠይቅ፤ ከልጅም ቢሆን። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ባትሪ ይሰነብታል፣ የሰው ወገብ በጭቃ አይቀጭም፣ ጎረቤት በድንገት ቢታመም ገፊ አይጠበቅም። ችግሩን ይዞ በር ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚያዝኑለት ይኖራሉ፤ የሚያጫውቱት ግን ጥቂት ናቸው።

ጋሼ ውብሸት ሩሀማን ታክሲ ተራ አድርሰው ወደ በርበሬ በረንዳ ነዱ። በሽር ጆንያ ከጀርባው አውርዶ ላቡን ሲጠርግ መኪናዋን አያት፤ ፊቱ ግን አልፈካም።

"ማን ገፋልዎት?" አለ፣ ቦታውን ሌላ ሰው እንደወሰደበት ቅር ብሎት።

ጋሼ ውብሸት ይህን አልጠበቁም ነበር። በሩን ከውስጥ ከፈቱለት።

"ማንም አልገፋልኝም" አሉ። "ቁርስ በልተሃል?"