የእንቁላሉ እግር

(ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሊመጣ ሲል። የእንቁላል አለርጂ ያለባት የአሥር ዓመቷ ናርዶስ ሰውነቷ ቀስ እያለ እንዲለምደው ሐኪሟ በየቀኑ እንድትበላ ያዘዘችላትን የተቀቀለ እንቁላል፣ እናቷ ትርሲት በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይዛ ቆማለች።)

ናርዶስ፦ አልበላም አልኩ፣ አልበላም!

ትርሲት፦ አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ክፈቺ! ሰርቪሱ ጥሎሽ ሊሄድ ነው።

ናርዶስ፦ ዛሬ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሩጫ ነው። ይህን ከዋጥኩ ሁለት ሰዓት መሮጥ የለም። ሁሉም ሲሮጥ እኔ የሰው ጃኬት ታቅፌ ልቀመጥ?

ትርሲት፦ በልተሽ ከሮጥሽ አለርጂው ይነሳብሻል፤ ዶክተሯ ስትናገር አብረን ሰምተናል። ደግሞ ጃኬት መያዝ ነውር ነው እንዴ?

ናርዶስ፦ «ዕቃ ቤት» ነው የሚሉኝ አሁን።

ትርሲት፦ ይበሉ፣ ተያቸው! ስድብ አይለጠፍም።

ናርዶስ፦ አንቺ ላይ ነዋ የማይለጠፈው።

ትርሲት፦ ኧረ በማርያም! የኔ እናት፣ ትንሽ ታገሺ። ቀስ በቀስ እንቁላል...

ናርዶስ፦ ...በእግሩ ይሄዳል! በቃ ሰለቸኝ! እሱ ይሄዳል፣ እኔ እቀመጣለሁ።

ትርሲት፦ ምላስሽ ረዘመ አንቺ!

ናርዶስ፦ ምላሴስ አድጓል። ማንኪያው ነው ያላደገው፤ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ያው ነው።

ትርሲት፦ ሐኪሟ ሳትጨምር እኔ በራሴ ልጨምር?

ናርዶስ፦ እሷማ «ኑ፣ እዚሁ እያየኋት ይጨመርላት» ብላለች። መጀመሪያ ለቅሶ አለብኝ አልሽ። ቀጥሎ መኪና ተበላሸ አልሽ። ባለፈው ደግሞ «ጉንፋን ይዟታል» ስትያት ሰምቻለሁ። አንዴ እንኳን አላስነጠስኩም!

ትርሲት፦ ስልክ ሳወራ ጆሮሽን ትቀስሪያለሽ?

ናርዶስ፦ ለምን ዋሸሽ?

ትርሲት፦ ፈርቼ ነዋ! ምን ልበልሽ? በአክስትሽ ሰርግ ኬክ የቀመስሽ ዕለት ከንፈርሽ አብጦ፣ ድምፅሽ ጠፍቶ፣ ታቅፌሽ የሮጥኩት እኔ ነኝ። አንቺ አታስታውሺውም።

ናርዶስ፦ አስታውሳለሁ። ጫማሽን ጥለሽ ነበር።

ትርሲት፦ እና? እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ናርዶስ፦ ታዲያ ዕድሜ ልካችንን ልጥ ስንፈራ ልንኖር ነው?

ትርሲት፦ ውይ፣ አታድርቂኝ! ይህችን ብቻ ብዪልኝ።

ናርዶስ፦ እሺ፣ አምጪው፤ እበላለሁ። ጃኬትም እይዛለሁ። ግን አሁኑኑ ደውይና «ነገ እንመጣለን» በያት፣ እዚሁ ፊቴ።

ትርሲት፦ ሲጨመርልሽ ቢያብጥብሽስ?

ናርዶስ፦ እዚያ ዶክተሯ አለች አይደል? እማዬ፣ እንቁላሉማ ሊሄድ ነበር። እግሩን የያዝሽው አንቺ ነሽ።