የይስሙላው ፍቺ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው እኔና ባለቤቴ አልማዝ እየሳቅን በተፋታንባት ቅዳሜ ነው። የደርግ አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ አይፈቅድም ነበር፤ እኛ ደግሞ ሁለት ቤት ነበረን። አንዱ እንዳይወረስብን ለይስሙላ እንፋታ ተባባልን። ያጋቡን ሽማግሌ ጋሽ ዘውዴ፣ ናዝሬት ላይ በደመወዜ ያሠራሁትን ቤት ለእሷ፣ ከአባቴ የወረስኩትን የሞጆውን ጭቃ ቤት ለእኔ ጻፉ። «የምር እንዲመስል የጡረታ ቁጠባህም ይካፈል» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ተምሬአለሁ የምለው እኔ፣ «ግማሹን ይጻፉላት!» ብዬ እየሳቅሁ ፈረምኩ።

ወር ሳይሞላ ከመልካሳ ከሥራ ስመለስ ሻንጣዬ በረንዳ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። አልማዝ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ምን ልትሠራ መጣህ? ተፋትተን የለም እንዴ?» አለችኝ።

«ቀልድ ነበር እኮ!»

«አንተ ቀልደህ ይሆናል። እኔ ፈርሜያለሁ።»

ጋሽ ዘውዴ ዘንድ ሮጥኩ። «ቀበሌ ቀርበው እውነቱን ይናገሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ልጄ፣ እውነቱን ከተናገርኩ አዋጅ ጥሳችኋል ተብለን ሦስታችንም እንታሰራለን» አሉኝ። ፈራሁና ዝም አልኩ። ሥራ ስለቅም የቁጠባዬን ግማሽ እሷ ወሰደች።

ጋሽ ዘውዴ፣ ዛሬ ደርግ የለም፤ የሚያስርዎትም የለም። ሆኖም ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ይቁሙና አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ ያን ቅዳሜ ወረቀቱን ሲጽፉ፣ አልማዝ የምሯን እንደሆነ ያውቁ ነበር?